ትኩስ ድንች ለዝናብ ቀን

ልጅ ሳለሁ ከመተኛቴ በፊት የምጸልየው ስለ ዝናብ ነበር። ሌላው ልጅ ስለ ብስክሌት ወይም ስለ ውሻ ይጸልይ ይሆናል፤ እኔ ግን ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ፣ «እባክህ ነገ ጠዋት ይዝነብ፤ ካፊያ ብቻ አይሁን፣ እናቴ በመስኮት አይታው ራሷን የምትነቀንቅበት ዓይነት ይሁን» እል ነበር። ኦክላንድ ለእንዲህ ዓይነት ጸሎት የምትመች ከተማ አይደለችም፤ የዓመቱን ግማሽ ሰማዩ አንዲት ጠብታ አይሰጥም። ከኅዳር በኋላ ግን ደመናው ከባሕሩ በኩል ይመጣና ያወርደዋል፤ እኛ ከአገራችን በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ለእኔ ብሎ ይመስል አብዝቶ አወረደው።

ዝናብ ሲጥል እናቴ ትምህርት ቤት አትልከኝም ነበር። ይህን ለፈረንጅ የሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ግራ ይገባቸዋል፤ ሐበሻ ከሆነ ግን ትንሽ አሰብ ያደርግና ሳቁ ይመጣበታል። እኛ አገር ክረምትና ትምህርት ተገናኝተው አያውቁም። ዝናቡ ሲጠነክር ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ መስከረም ሲጠባ ይከፈታል፤ እናቴ እንዲህ ሆና ነው ያደገችው፣ ሌላ ዓይነት ዓለም ይኖራል ብላም አስባ አታውቅም። ዲቪ ደርሶን መጥተን እኔ ሦስተኛ ክፍል ስገባ፣ እዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው በትምህርቱ መሃል መሆኑን ማንም አልነገራትም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ጠዋት በመስኮት ተመለከተችና ጫማዬን መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «በዚህ ዝናብ የምን ትምህርት ነው!» አለች። መምህሯ ራሷ ከቤቷ ትወጣለች ብላ አላሰበችም።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ይስተካከል ነበር። እናቴ ግን ሌላም ነገር ነበረባት። አራት ዓመቴ ላይ የሳንባ ምች ይዞኝ ከሞት አፋፍ ነው የተመለስኩት። ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት ነገር ሁሉ ተረስቷት፣ ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ነርስ «ከእርጥበት ጠብቂያት» ያለቻት ብቻ ልቧ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ካልሲዬ ከረጠበ ፊቷ ይለዋወጣል። አባቴ ከኤርፖርት መንገደኛ ለማመላለስ ገና ሳይነጋ ወጥቶ እኔ ከተኛሁ በኋላ ስለሚገባ፣ ቀኑን የት እንደዋልኩ የሚያውቀው እናቴ እንደነገረችው ነበር።

ለእኔማ ደስታዬ ነው። ክፍል ውስጥ አልናገርም ነበር። የሚሉት ይገባኝ ጀምሯል፤ አፌ ግን አይከፈትም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ስሜን ይጠይቁኝ ነበር፤ ቆይተው ተዉኝ። ምሳ ሰዓት ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳንድዊቼን በዝግታ አኝክ ነበር፤ አፌ ከሞላ ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

በዝናብ ቀን የምውለው ታች ቤት፣ እትዬ አስካለ ዘንድ ነበር። እንኖርበት የነበረው ቤት ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ጥቂት ፈንጠር ብሎ የቆመ፣ ጣሪያው የሾለ፣ ከበሩ በላይ ባለ ቀለም መስታወት ያለው፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። አንድ የነበረውን ቤት ከፋፍለው ያከራዩታል። እኛ ላይኛው ነበርን። እትዬ አስካለ የደረሳቸው ታችኛው ሲሆን፣ እውነተኛ የእሳት ማንደጃ ያለው የእሳቸው ክፍል ብቻ ነበር። ከኮረብታው ላይ የለቀሙትን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዱበታል። ነፋስ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ሲገባ ክፍሉ በጭስ ይታፈንና እሳቸው በአሮጌ የወንድ ካፖርታቸው እያራገቡ ጭሱን ይሰድቡታል።

እትዬ አስካለ በሱዳን በኩል ከመጡት ከቀደሙት ናቸው። ባልም ልጅም አልነበራቸውም፤ በሥላሴ ስም የሚምሉ፣ ሰው የማይፈሩ፣ ፖስታ አዳዩን «ዛሬ ደግሞ ቢል ብቻ ነው ያመጣህልኝ?» ብለው በአማርኛ የሚቆጡ ሴት ነበሩ። እኔን የተቀበሉኝም እንደዚያው ነው። «አንቺ ዝምተኛ፣ ምላስሽን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብሽ እንዴ?» አሉኝና ከእሳቱ ፊት አስቀመጡኝ። ሥራቸው ከዳብሊን ወዲያ፣ ኮረብታ ሥር በምትገኝ አሮጌ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት ናት፤ ዛሬ ማንም አይማርባትም፣ ለመታሰቢያ ጠብቀዋት ሰው ይጎበኛታል። እሳቸው በሯን ይከፍታሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ጎብኚ ሲመጣ ምድጃዋን ይለኩሳሉ። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ጎብኚ አይመጣም፤ እሳቸውም እንደ እኔ ቤት ይውላሉ።

ተረቱ የተጀመረው በእኔ ጥያቄ ነው። አባቴ ቤታችንን «ቪክቶሪያን ነው ይሉታል» ሲል ሰምቼ ነበርና፣ «እትዬ፣ ቪክቶሪያ የቤቱ ባለቤት ናት?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «የኔ እናት፣ ቪክቶሪያ ሬንት አትሰበስብም። ከባሕር ማዶ የነበረች የእንግሊዝ ንግሥት ናት፤ እዚህ አገር እግሯም አልደረሰ። ግን በእሷ ዘመን የተሠራ ቤት ሁሉ በስሟ ይጠራል።» ጭራሮውን ሰበር ሰበር አድርገው ከጨመሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያኔ፣ ይሄ ቤት ሲሠራ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያሉት የገበሬ ልጆች ዝናብ ሲጥል ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ቤት ይውላሉ ብዬ ነው የገመትኩት።

ያን ዕለትና ከዚያ በኋላ በመጡት የዝናብ ቀኖች የሰማሁትን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ውጭ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፣ ውስጥ ፍሙ አንዴ ቀላ አንዴ ጠቆር ይላል፣ እትዬ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ እሳቱ ይዘረጋሉ። ተረቱ ውስጥ ንጉሥ የለም፣ ጅብም የለም። ያለው ጭቃ ነው። የዚያ ሸለቆ አፈር ዋልካ ነበር አሉ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እግር ይዞ አይለቅም። ልጆቹ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄደው ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ፣ በየጫማቸው ላይ የተጣበቀው ጭቃ ከጫማው ይበልጣል። ደፉ ላይ የተመታ የብረት ስለት ነበር፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ደግፈው ይዘው እግራቸውን በእሱ ላይ ይፍቁላቸዋል። «የአባታቸውን እርሻ በጫማቸው ተሸክመው ነዋ የሚመጡት!» ይሉ ነበር እትዬ አስካለ። «እኔ እስከ ዛሬ ስጠርገው የምውለው የማን አፈር መሰለሽ?»

ምድጃዋ በክፍሉ መሃል ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠ ፊቱ ይለበለባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ጣቶቹ ደንዝዘው ብዕር አይዙለትም። ስለዚህ መምህርቷ ሕግ አወጣች፤ ከሁሉ አብልጦ የረጠበ ልጅ ከምድጃዋ አጠገብ ይቀመጣል። ይህን ሕግ የሰሙ ተንኮለኞች ደግሞ በሩ ጋ ሲደርሱ ሆን ብለው ኩሬ ውስጥ ዘለው ይገባሉ። እዚህ ላይ እትዬ አስካለ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ኩሬ ውስጥ እንደሚዘል ልጅ ዘለው ያሳዩኝ ነበር። ያኔ ነው ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የሳቅሁት።

ጉም የወረደ ጠዋት መምህርቷ ደወሉን አታቆምም ነበር አሉ። ልጆቹ መንገዱ ሲጠፋባቸው በድምፁ ይመጣሉ፤ የመጨረሻው ልጅ ደጃፍ እስኪረግጥ ድረስ ክንዷ እየዛለ ትደውላለች። ውርጭ የጣለ ጠዋት እናቶቹ ድንች በፍም ይጋግሩና በየልጁ ኪስ ይከታሉ፤ እየሄዱ እጃቸውን ያሞቁበታል፣ ምሳ ሰዓት ይበሉታል። ሰማዩ ሲጠራስ? ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ድርቆሽ ይታጨዳል፣ ወይን ይለቀማል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። «ዝናብ ሲሆን መንገዱ ያስቀራቸዋል፣ ፀሐይ ሲሆን አባታቸው ያስቀራቸዋል» ይሉና እጃቸውን ያጨበጭቡ ነበር። «ታዲያ መቼ ተማሩ? እንዲያው በመሃል በመሃሉ እየተሽሎከለኩ ነዋ! ግን ተማሩ። ግድግዳው ላይ ፎቶአቸው አለ፤ ስጠርግ ያዩኛል፣ አያቸዋለሁ።» እነዚያን ልጆች እንዴት እንደሚወዷቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለእንጀራቸው ሲሉ በሚጠርጉት ቤት ውስጥ የሰሙትን ሁሉ ለቅመው ወደ ቤት ያመጡት ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ሰምቶ የማይጠግብ ጆሮ ያለው ሰው አላየሁም።

ማታ ማታ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ልትወስደኝ ትገባለች። አረጋውያን ትንከባከብ ስለነበር ድካሟ ከትከሻዋ ላይ ይታያል። አትቀመጥም፤ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩን ተደግፋ ትቆማለች። እትዬ አስካለ ተረታቸውን አያቋርጡም፣ ወደ እሷም ዞር አይሉም። እኔም የምትቆመው ተረቱ እስኪያልቅ እኔን ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። «እትዬ» አለች በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ከስኩል ኮል አድርገው ነበር። አብሰንት በዝቶባታል አሉኝ። ያለ ሐኪም ወረቀት መቅረቷን ካላቆመች ሰርድ ግሬድን ትደግማለች አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ዝናብ ነው አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«የሳቁብኝ መሰለኝ።» ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «ትድገም። ብትደግም አትሞትብኝም።»

እኔ ከእሳቱ አጠገብ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያን ሁሉ ዓመት ዝም እንዳልኩ እንደገና ልጀምረው ነው። እትዬ አስካለ እናቴን የሚቆጧት መሰለኝ። ፖስታ አዳዩን የሚቆጡ ሴት ለእሷ ቃል ያጣሉ? ግን አልተቆጡም። እኛ ዘንድ ልጇ ከሞት የተረፈችላትን እናት «ልጅሽን እንዲህ አድርጊ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልወለደች ሴት ስትሆን ደግሞ ይብስ ይከብዳል። ጭራሮ ጨመሩ፣ ጭሱን አራገቡት፣ ወደ እኔ ዞረው ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን ስም ጠሩ። «ስለ ማርታ ነግሬሻለሁ?»

ማርታ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔም ስምንት ዓመቴ ነው። ደረቷ ደካማ ነው፣ በሕፃንነቷ በጠና ታማ ተርፋለች። ስለዚህ ደመና ሲያንዣብብ እናቷ ጫማዋን ትደብቃለች። የጎረቤት ልጆች በደጃቸው ሲያልፉ «ማርታ! ማርታ!» ብለው ይጣራሉ፤ እሷ መስኮት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ታያቸዋለች። ትምህርት ቤት ውስጥ በአግዳሚው ላይ ቦታዋን ማንም አይቀመጥበትም። መምህርቷ ስም ስትጠራ ማርታ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማርታ ነገር በየዝናቡ ትንሽ ትንሽ ይቀጥል ነበር፤ የማርታም ነገር የሚነገረው እናቴ ከገባች በኋላ ብቻ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም። እትዬ አስካለ ስለ ማርታ እናት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እንዲያውም እኔ አንድ ቀን ተናድጄ «እናቷ ሞኝ ናት» ስል በፍም መቆስቆሻው ወለሉን መቱት። «እንዳትደግሚው! እናቷ ሞኝ አይደለችም። ዓይኗ ያየውን አይታለች። ልጇን በክንዷ ይዛ ትንፋሿን ስትቆጥር ያደረች ሴት ናት፤ ማን ሊፈርድባት ይችላል?» አሉ። በሩ ጋ የሆነ ነገር ሲያርፍ ሰማሁ። እናቴ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ነበር።

ከዚያ ለብዙ ቀን ሳይዘንብ ቆየ፤ እኔም ሳልወድ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰማዩ ጠቆረ፤ አመሻሹ ላይ ዛፍ የሽቦ መስመሩ ላይ ወድቆ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆነ። እትዬ አስካለ ፋኖሳቸውን አወጡ። እናቴ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትገባ ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ካፖርቷን አወለቀች፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቱ ፊት አጠገቤ ተቀመጠች። እጆቿ ቀልተው ነበር።

እትዬ አስካለ ያን ምሽት ቀልድ አልቀላቀሉም። በነጋታው ወደ እነማርታ ትምህርት ቤት ከከተማ ፈታኝ ይመጣል አሉ። ያልተገኘ ልጅ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ሞልቷል። ሲነጋ ልጆቹ ሁሉ በገመድ ተያይዘው፣ ትልቁ ከፊት ትንሹ ከመሃል ሆነው፣ በማርታ ደጃፍ መጥተው ቆመዋል። መምህርቷ ከወንዙ ማዶ የገመዱን ጫፍ ይዛለች። የማርታ እናት በሩ ላይ ቆማለች። የማርታ ጫማ በእጇ ነው።

እዚያ ላይ አቆሙ። ፍሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉት፤ ብልጭታው ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ። እኔ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ከዚያማ እኔ አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም እትዬ?»

«እስከዚያ ድረስ ነው የማውቀው።» እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው በፋኖሱ ብርሃን ይብለጨለጭ ነበር። «የቀረውን የምታውቀው እናቷ ናት።»

እናቴ ተነሣች። እጄን ይዛ በጨለማው ደረጃ ወጣን። እኔ እንደ ልማዴ ለዝናብ ጸልዬ ተኛሁ።

ጸሎቴ ተሰማ። ስነቃ ጣሪያው እየተደበደበ ነው፤ በደስታ ተጠቅልዬ ተመልሼ ልተኛ ስል ግን አንድ ሽታ መጣ። የድንች ሽታ ነው፤ ከነልጣጩ የሚጠበስ፣ ጫፍ ጫፉ የሚያር ድንች። መብራቱ ገና አልተመለሰም። እናቴ የጋዙን ምድጃ በክብሪት ለኩሳ፣ በሻማ ብርሃን ምድጃው ፊት ቆማለች።

ነገሩ ገባኝና የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ሳልኩ። ደግሜ፣ ጎላ አድርጌ ሳልኩ። እናቴ መጣችና ሹራቤን ገልጣ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አስደገፈች። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ረጅም ጊዜ ሰማች። ከዚያ ቀና አለችና፣ «ደረትሽ ደህና ነው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ነበር የምትመስለው። ድንቾቹን በደረቅ ትርፍ ካልሲዎቼ፣ አንዱን በአንዱ አንዱን በሌላው ጠቅልላ፣ በካፖርቴ ሁለት ኪሶች ከተተቻቸው። ካልሲ የሚለው ተረቱ ውስጥ አልነበረም፤ እሱ የእናቴ ነው። ጫማዬን በፌስታል ሸፍና አሰረችልኝ።

ጃንጥላችንን ነፋሱ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ገለበጠው። ከትምህርት ቤቱ ፊት ያለው መሻገሪያ የውኃ መውረጃው ተደፍኖ ከዳር እስከ ዳር ጎርፍ ሆኗል። ሌሎቹ ልጆች በመኪና ይመጣሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያዩናል። እናቴ ጎርፉን አየችው፣ ቀጥሎ ሰማዩን፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ «ነይ» አለች። የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ታዝዬ! ማንም ቢያየኝ ብዬ ፊቴን አንገቷ ውስጥ ቀበርኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ እየወጣ ቀስ ብላ ስትረግጥ፣ በልቧ የምትለውን ጸሎት ጀርባዋ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። ተሻግረን ስታወርደኝ የእሷ ጫማ ውኃ ይተፋል። ከክፍሉ ደጃፍ ተንበርክካ የእኔን ካልሲ አወለቀችና በድንቹ የሞቁትን አጠለቀችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የሞቀኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ክፍል ውስጥ እጆቼ ከኪሴ አልወጣ አሉ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ኪሴን በጣቷ ነካ አደረገችና ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። አወጣሁት፤ ገና ይተን ነበር። «ፖቴቶ» አልኳት። ለምን አለችኝ። ለዚህ «ለምን» የሚበቃ እንግሊዝኛ አልነበረኝም፤ ግን መልሱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ንግሥት አልኩ፣ ድሮ አልኩ፣ ዝናብ አልኩ፣ በእጄ ጭቃውን እየፋቅሁ አሳየሁ። መምህሯ መጻፏን አቁማ ዞር አለች። ዝም ታሰኘኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀጥዪ አለችኝ። ኩሬው ጋ ስደርስ እንደ እትዬ አስካለ ተነሥቼ ዘለልኩ። ሳቁ። እኔ ላይ አልነበረም የሳቁት። ድንቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ቀዝቅዞ ተመለሰልኝ፤ ምሳ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ተካፍዬ በላሁት።

ስንለቀቅ እናቴ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ከሥራዋ እንዴት ብላ እንደወጣች አላውቅም። ያ ሁሉ ወላጅ እያየ ካፖርቴን ገልጣ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አስደገፈች። ሰማች። አላሳለኝም።

ቤት ስንደርስ ወደ ላይ አልወጣንም። እናቴ የእትዬ አስካለን በር አንኳኳች፤ ገብታም እንደ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሳይሆን በደንብ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ማርታ ሄደች» አለቻቸው።

«ሄደች?»

«ሄደች፤ መጣችም።»

«ሳለች?»

«አልሳለችም።»

እትዬ አስካለ ወደ እሳቱ ዞሩና ለረጅም ጊዜ በካፖርታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያን ምሽት ግን ጭስ አልነበረም። «እሰይ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም እኮ ጨንቆኝ ነበር።»

የዚያን ዓመት ዝናብ በድንች አሳለፍነው። ወደ አራተኛ ክፍልም አለፍኩ። እትዬ አስካለ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አሮጌው ቤት በሰማያዊ ተቀብቶ የእኛ ዓይነት ሰው የማይከራየው ሆኗል። እኔ ሳን ሆዜ እኖራለሁ፤ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ አለኝ። የእሱን ትምህርት ቤት የሚያዘጋው ደግሞ የሰደድ እሳት ጭስ ነው፤ ሰማዩ የሚያመጣው አይጠፋም።

ባለፈው የጸደይ ወራት የልጄ ክፍል ያቺን ከዳብሊን ወዲያ ያለችውን ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። ስገባ እግሬ ራሱ ወደ ብረት ስለቱ ሄደ። ምድጃዋ በቦታዋ ናት፣ ደወሉም አለ፣ ልጆቹም ከግድግዳው ላይ ያዩኛል። አስጎብኚው ስለ ጭቃው፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ድንቹ ሲናገር ከእሱ ቀድሜ አውቀው ነበር። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ ደረቷ ደካማ ስለነበረው፣ ከወንዙ ማዶ ስለምትኖረው ልጅ ጠየቅሁት። አሰበ፤ ሌላዋን ባልደረባውንም ጠየቀልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ኖራ አታውቅም።

ከመኪና ማቆሚያው ሆኜ ኤል ሴሪቶ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ማርታ የምትባል ልጅ አልነበረችም አሉኝ።»

«እና ይሄን ዛሬ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ጫማዋን ደበቀችባት ያሉ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽም? ያን ሁሉ ማታ በሩ ላይ ቆመሽ ለምን ሰማሻቸው?»

«መጨረሻውን ልሰማ ነዋ፣ ሜሮን» አለች። «ልጅቷ አትሞትም እስኪሉኝ ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ለእኔ ተዉልኝ።»

ከዚያ ሁሉ ምሽት ምን ቀረኝ ብዬ ሳስብ፣ የጭሱ ሽታና የፋኖሱ ብርሃን አለ፣ የእነዚያ ልጆች ጭቃ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ልጅቷ የሌላ ሰው ብትሆንም ዝም ብላ ማለፍ ያልቻለች፣ ሌላዋ እየፈራች ጎርፍ ውስጥ የገባች። ሁለቱንም እንዳደነቅኳቸው ነው የምኖረው። ዛሬም የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ጠዋት ስልኬ ይጮኻል፤ እናቴ ናት። እንደምን አደርሽ እንኳ አትልም፤ «ደረቱን ሰምተሽዋል?» ነው የምትለው። ልጄ «አይ አም ፋይን፣ ማሚ» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ጆሮዬን ጀርባው ላይ አስደግፌ ከሚያስፈልገው በላይ ቆይቼ እሰማለሁ፤ ከዚያ ድንቹን በካልሲው ጠቅልዬ ኪሱ እከትና በሩን እከፍትለታለሁ።